አጥሚት የአራስ ብቻ ነውን?



በዚህ መጽሔታችን ላይ በየዓመቱ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ቁም ነገር ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አጥሚት ለመጻፍ ነው። ርእሱን አይታችሁ «ይህ ልጅ ሌላ የሚጽፈው አጣን?» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ አይከፋኝም። ነገር ግን ስቃችሁ ስታበቁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሬ ከድስቱ አልፎ ከድስቱ ፊት ለሚቆመው ሰውና ከድስቱ ቀድቶ ለሚጠጣው ተማሪ የሚደርስ ነው።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን የሰቆጣ ከተማ ተወላጆች አይደለንም። ከደጋውም ከቆላውም ገጠር ወጥተን፣ በከተማው ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ሁለት ሦስት ሆነን የምንማር ነን። እሑድ ማታ ከወላጆቻችን ዘንድ ስንቃችንን ተሸክመን እንገባለን። እንጀራው ሰኞና ማክሰኞ ደኅና ነው፤ ረቡዕ ይደርቃል፤ ሐሙስ ይሻግታል። ዓርብ ቆሎ ቆርጥመን፣ ያም ሲያልቅ ውሃ ጠጥተን ወደ ክፍል እንገባለን። በተለይም ቁርስ የሚባለውን ነገር አብዛኛዎቻችን ከናካቴው ረስተነዋል። ገንዘብ ያለው ሻይ በዳቦ ይቀምሳል፤ የሌለው መቀነቱን ጠበቅ ያደርጋል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ስለ ሦስት ማዕዘን ሲያስረዱ ዓይናችን ከሰሌዳው ላይ ነው፤ ልባችን ግን ከሆዳችን አይነሣም።

ይህ በእኔው ቤት የደረሰ ነገር ነው። አምና ታናሽ እኅቴ 9ኛ ክፍል ገብታ ከእኔ ጋር ትኖር ጀመር። እርስዋ በገጠር ሳለች 8ኛ ክፍልን ከክፍልዋ አንደኛ ወጥታ የፈጸመች ልጅ ናት። ወደ ሰቆጣ ከመጣች ወዲህ ግን ውሃ የምትቀዳ እርስዋ፣ ወጥ የምትሠራ እርስዋ፣ ልብስ የምታጥብ እርስዋ ሆነች። እኔስ? እኔማ «የማጠና» ሰው ነበርሁ! ወንድ ልጅ ከድስት ፊት አይቆምም ተብዬ ያደግሁ ስለ ሆነ ነገሩ ስሕተት መሆኑ እንኳ አልታየኝም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ሲሰጥ እኔ ሰባተኛ ወጣሁ፤ እርስዋ ሠላሳ አንደኛ ወጣች። አባታችን ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው ከዱላ ይልቅ አመመኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ማክሰኞ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ እኅቴ ከተቀመጠችበት ወደቀች። ወደ ሐኪም ወሰድናት። የመረመራት ባለሙያ ደምዋንም ሌላውንም ካየ በኋላ «ቁርስ በልተሻል?» ሲል ጠየቃት። አልበላችም። «ትናንትና ማታስ?» ቢላት ዝም አለች። ለእኔ እራት ካቀረበች በኋላ ለራስዋ የሚበቃ ያልተረፈ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ያከራዩን ባልቴት ይህን በሰሙ ጊዜ ወዲያው ድስት ጥደው አጥሚት በወተት ሠሩና እኅቴን በተኛችበት አጠጧት። በማግሥቱም እኔን ጠርተው ማማሰያውን በእጄ አስያዙኝ። «ልጄ፣ ዛሬ እኔ አለሁ፤ ነገ ማን ያማስልላታል?» አሉኝ። እኔም አፍሬ «እትዬ፣ እኔ ወንድ አይደለሁምን?» ብላቸው፣ «ሲርብህ ወንድነትህ ያጠግብሃልን?» ብለው መለሱልኝ። መልስ አጣሁ፤ ማማሰልም ጀመርሁ።

እንግዲህ ከእርሳቸው የተማርሁትን አሠራር ልንገራችሁ። ለሦስት ሰው አንድ ብርጭቆ ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱ የማሽላ፣ የዳጉሳ፣ የገብስ ወይም የአጃ ሊሆን ይችላል፤ እህሉ ከመፈጨቱ በፊት በምጣድ ላይ ለስለስ ባለ እሳት ቢታመስ መዓዛው ያምራል። በመጀመሪያ ዱቄቱን በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ መበጥበጥ ነው። ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ በቀጥታ የሚበትን ሰው የተጓጐለ ሊጥ ይበላል እንጂ አጥሚት አይጠጣም። ከዚያ በኋላ ሦስት ብርጭቆ ውሃ በድስት አፍልቶ፣ የተበጠበጠውን እያማሰሉ ማፍሰስ፤ እሳቱንም ቀንሶ፣ እጅን ሳያሳርፉ፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪጠፋ ሃያ ደቂቃ ያህል ማብሰል ነው። በመጨረሻ ሁለት ብርጭቆ ወተት ጨምሮ ማፍላት፤ ጨው ጣል ማድረግ፤ ቅቤ ያለው ቅቤ፣ ማር ያለው ማር ይጨምርበታል። የዋግ ልጅ ደግሞ ማር ከአገሩ ምን እንደሚመስል አይነገረውም! ወተቱ በደንብ መፍላት አለበት፤ ምክንያቱም ጥሬ ወተት፣ የላምም ሆነ የፍየል፣ የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። እነሆ፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ለሦስት ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ደረሰ ማለት ነው።

አሁን «ይህ ቀጭን ነገር ምን ጉልበት ይሰጣል?» የሚል አይጠፋም። የሚሰጠውን እንይ። ማሽላም ሆነ ሌላው እህል ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ለሰውነት ግንባታ የግድ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ፣ ላይሲን የሚባለው፣ ያንሰዋል። ወተት ግን በላይሲን የበለጸገ ነው። ስለዚህ እህሉና ወተቱ በአንድ ድስት ሲገናኙ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ዳጉሳ ደግሞ ከእህል ሁሉ በካልሲየም የታወቀ ነው፤ በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ 300 ሚሊግራም ያህል ይገኛል። በ100 ግራም የላም ወተት ውስጥ ያለው 120 ሚሊግራም ገደማ ነው። እርግጥ በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ስላለ፣ ካልሲየሙንም ብረቱንም ይይዘዋልና ሰውነታችን ሁሉንም አይቀበለውም። ቢሆንም አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ይህ የሚናቅ ምግብ አይደለም።

አያቶቻችን የሚያውቁት ሌላ ጥበብም አለ፤ ይኸውም ብቅል ነው። አጥሚት ሲወፍር ለመጠጣት ያስቸግራል፤ ሲቀጥን ደግሞ ውሃው በዝቶ እህሉ ያንሳል። ይህን ችግር ለመፍታት ዱቄቱን ሁለት ብርጭቆ አድርጎ፣ እንደ ገንፎ ወፍሮ ሲበስል ከእሳት ማውረድ ነው። ትንሽ ሲበርድ፣ ነገር ግን ትኩስነቱ ሳይለቀው፣ አንድ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያ ወፍራም ገንፎ በዓይናችሁ ፊት እየቀጠነ ይሄዳል። ይህም በብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ስታርቹን ስለሚቆራርጠው ነው፤ በባዮሎጂ ክፍል አሚሌዝ ብለን ስሙን የሸመደድነው እርሱው ነው። ከዚያ ወተቱን ጨምሮ መልሶ ማፍላት ነው። እንደዚህ ሲሆን በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ የምንጠጣው እህል ከቀድሞው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። «ይህማ ጠላ ነው» የሚል ቢኖር አይስጋ፤ እርሾ ስለሌለውና ወዲያው ስለሚፈላ አያሰክርም።

ስለ ጾምስ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አብዛኛዎቻችን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም እንጾማለን፤ በእነዚህ ቀናት ወተት አይነካም። ነገር ግን ጾመኛው ያለ አጥሚት መቅረት የለበትም። ሱፍ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት መስሎ ይወርዳል፤ ይህን በወተቱ ፋንታ መጨመር ይቻላል። ይልቁንም ከሦስት እጅ ማሽላ ጋር አንድ እጅ የታመሰ ሽምብራ ወይም ባቄላ ቀላቅሎ ማስፈጨት ከሁሉ ይሻላል፤ ጥራጥሬ እንደ ወተት ሁሉ ላይሲን አለውና። እንግዲህ ጾሙም ተጠበቀ፤ ጾሙ በተፈታ ሰዓትም ሰውነቱ የሚገባውን አገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እኔ አጥሚት መሥራት በጀመርሁ ሰሞን የግቢያችን ተከራዮች ጓደኞቼ አላስቀምጥ አሉኝ። አንዱ «እንኳን ማርያም ማረችህ!» እያለ በበሩ ያልፋል። ሌላው «ስንት ቀን ሆነህ ከታረስህ?» ይለኛል። ለምን ይስቃሉ? አጥሚት የአራስ፣ የሕፃንና የበሽተኛ ምግብ ነው ተብሎ ስለ ተወሰነ ነው። ቆይ፣ እስቲ ይህን ነገር እንመርምረው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለአራስ አጥሚት የሚሰጡት ስለ ምንድር ነው? ደም ፈስሷት የደከመች፣ ሌላ ነፍስም የምታጠባ ስለ ሆነች፣ ከቤቱ የተገኘውን የተሻለ ምግብ ሊሰጧት ብለው አይደለምን? ስለዚህ አጥሚት የደካማ ምግብ መሆኑ ቀርቶ ደካማን የሚያበረታ ምግብ መሆኑን የመሰከሩት እነርሱው ናቸው። ለአራስ የሚበጅ፣ ዕድገቱን ላልጨረሰ፣ በየቀኑ ተራራ ወጥቶ ተራራ ለሚወርድ ተማሪ እንዴት አይበጅም? «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሳቃቸው ምክንያት ወንድ ሆኜ ማማሰሌ ነው። ስለዚህ ነገር በግልጥ ልናገር። በከተማችን ወንድምና እኅት አብረው በተከራዩበት ክፍል ሁሉ እሳት የምታነድደው እኅት ናት። ወንድሙ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ እርስዋ ጢስ ውስጥ ትቀመጣለች። ፈተና ሲመጣ ግን ለሁለቱም የሚሰጣቸው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ «ሴት ልጅ በትምህርት አትገፋም» እንላለን። አልገፋችም ወይስ ጊዜዋን ወሰድንባት? እኔ የወሰድሁባትን አውቄዋለሁ፤ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ነበር። ይህን ለመጻፍ ያሳፍራል፤ ሳይጻፍ ቢቀር ግን ይበልጥ ያሳፍራል።

«ሐሳብህስ መልካም ነው፤ ወተቱ ከየት ይምጣ?» የሚሉኝ ሰዎች ከሁሉ የበለጠ እውነት አላቸው። ላም በበጋ ታነጥፋለች፤ የከተማ ወተት ውድ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ አገራችን የፍየል አገር ናት። የአበርገሌ ፍየል ስሟ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በተከዜ ዳር ባለው ቆላ ላም በምትቸገርበት ጊዜ እንኳ ቅጠል ቀንጥባ ታድራለች። ሁለተኛ፣ ቤተሰቦቻችን ወተቱን ንጠው ቅቤውን ለገበያ ያወጣሉ፤ ይህን አልነቅፍም፤ የእኛም ደብተር የሚገዛው በዚያ ነው። ነገር ግን አሬራው አለ። ከወተት ላይ ቅቤው ቢወጣም ፕሮቲኑና ካልሲየሙ አብዛኛው በአሬራው ውስጥ ይቀራል። እኛ ግን አሬራን እንንቃለን፤ አንዳንዴም ለጥጃና ለውሻ እንሰጣለን። አሬራ በአጥሚት ውስጥ ገብቶ እየተማሰለ ቢፈላ መልካም ምግብ ነው፤ ጎምዘዝ ማለቱም ለለመደው ይጣፍጣል።

ይሁን እንጂ ላምም ፍየልም አሬራም የሌለው ሰው እንዳለ አልረሳሁም። ዋግ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነው። በቅርቡም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከአካባቢው ብዙ ሕዝብ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተሰድዶ መጥቷል። ከክፍል ጓደኞቼም አንዳንዶቹ ፍየሎቻቸውን በስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ፍየሎቹ ግን የሉም። ለእነዚህ ሰዎች «አጥሚት በወተት ጠጡ» ማለት ስድብ ነው። ይህ የመንግሥትና የኅብረተሰቡ ዕዳ ነው። ዕዳውም በከተማችን ስም ተጽፏል፤ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟልና። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 58ቱ ቀንጭረው ተገኝተው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን ወደ 38 ወርዷል። በአማራ ክልል ያን ጊዜ ከመቶው 46 ነበር፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ነው። እንግዲህ በከተማችን ስም ቃል ኪዳን ሲገባ፣ የከተማችን ተማሪ ባዶ ሆዱን ክፍል ውስጥ እንዳይወድቅ እኛም የድርሻችንን ልናደርግ ይገባናል።

ጥቃቅን እህልን ከወተት ጋር ማብሰል የድኻነት ምልክት መስሎ ለሚታየው ሰው ከአገራችን ውጭ ያለውንም ልጥቀስለት።  በደቡብ ሕንድ ዳጉሳን ራጊ ብለው አብቅለውና ፈጭተው በወተት ወይም በአሬራ ለልጆቻቸው ያጠጣሉ። ሊቃውንት እንደሚሉት ያ ዳጉሳ ወደ ሕንድ የሄደው ከጥንት ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2023ን የእነዚህ ጥቃቅን እህሎች ዓመት ብሎ ያከበረው በሕንድ አሳሳቢነት ነበር። እነርሱ የእኛን እህል ሲያከብሩ እኛ በገዛ አገራችን «የአራስ ነው» ብለን እንሳለቅበታለን!

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በመጀመሪያ ወላጆቻችን ሆይ፣ ሐሙስ በሚሻግተው እንጀራ ፋንታ ከስንቃችን ላይ ጥቂቱን ቀንሳችሁ ማሽላና ሽምብራ የተቀላቀለበት የታመሰ ዱቄት አንድ ሁለት ጣሳ ጨምሩልን፤ ዱቄት ሳምንቱን ሁሉ አይበላሽም። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ሦስትም አራትም ሆነን ወተቱን ወይም አሬራውን በመዋጮ እንግዛ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና ለብቻ የሚከብደው ለአራት ይቀላል። ሦስተኛ፣ ማማሰያው በተራ ይያዝ፤ ሰኞ እኅት ካማሰለች ማክሰኞ ወንድም ያማስል። የትምህርት ቤታችንም ክበባት የቲያትርና የስፖርት ትርዒት እንደሚያሳዩት ሁሉ፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ የአጥሚት አሠራር ቢያሳዩ መልካም ነበር፤ ያን ቀን ግን የሚያማስሉት ወንዶቹ ይሁኑ።

የእኅቴን ነገር ሳልነግራችሁ ብጨርስ ደስ አይላችሁም። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አራተኛ ወጣች፤ እኔ 12ኛ ክፍል ሆኜ ዘጠነኛ ወጣሁ። ይህ ሁሉ የአጥሚት ሥራ ነው አልልም፤ ያነሣሁባትን ጊዜ መልሼላት የራስዋ አእምሮ የሠራው ነው። አባታችን አሁንም ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ተመለከቱና፣ «አንተ ሁለት ደረጃ ወርደሃል፤ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። እኔም «ጧት ጧት አጥሚት እሠራለሁ» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ አልወረድህም» አሉኝ።

ወንድሞቼ ሆይ! ማማሰያው ከባድ አይደለም። እኔ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።